ሁለት እጅ

ልጅቷ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ወንበር ላይ የቆመው ማራገቢያ ወደ ግራ ሲዞር ግራ ክርኗን፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ቀኝ ክርኗን ያበርዳል። ትንሽ ታገሠችና ክርኗን በሌባ ጣቷ ነካ አደረገችው። ቅባቱ አሁንም ያንሸራትታል፤ ጣቷንም ተከትሎ መጣ።

«ምን ዓይነት ነገር ነው! አይደርቅም እንዴ?»

እናቷ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ስትገባ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ልብስ መስቀያ የተገተርሽው?»

«እየደረቅኩ ነው።»

«ታጥበሽ ነው?»

«ተቀብቼ ነው እንጂ እማዬ! አንደኛው እጅ ሳይደርቅ ሁለተኛውን እደርባለሁ እንዴ?»

እናቷ የቀለም ቀቢ እህት፣ የቀለም ቀቢ እናት ናትና ነገሩ ልክ መስሎ ታያት። «እሱስ እውነትሽን ነው፤ ይላጣል» አለችና ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ከትታ ወጣች።

በነሱ ቤት «እጅ» ማለት ከትከሻ የሚንጠለጠለው ብቻ አይደለም። ግድግዳ ዳር እስከ ዳር አንዴ ሲቀባ «አንድ እጅ ተቀባ» ይባላል፤ ያ ደርቆ ሲደረብበት ሁለት እጅ ይሆናል። ልጅቷ ያደገችው በአጎቷ ባልዲና ሮለር መሃል ነው። የምታልፍበትን አጥር ሁሉ እያየች «ይሄ አንድ እጅ ይጎድለዋል» ትላለች፤ ሌላው ሰው «ዛሬ ይዘንባል» እንደሚለው።

ስለዚህ የቆዳ ሐኪሟ የቅባቱን ቱቦ ብድግ አድርጋ «በቀን አንዴ፣ ስስ አድርገሽ ተቀቢ። የአንድ ጣት ጫፍ ቅባት ለሁለት እጅ ይበቃል» ስትላት ልቧ በደስታ ዘለለ። ሐኪም ቤት ገብታ የሰው ቋንቋ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። «ገባሽ?» ብትላት «እንዴት አይገባኝም!» ብላ ሌላውን ምክር በግማሽ ጆሮ ሰምታ ወጣች። ስስ! ሁለት እጅ! ምን የሚጠየቅ ነገር አለው? አጎቷ ራሱ ከዚህ አሳጥሮ አይናገርም።

ጥሩ ቀቢ ናትና ያልታዘዘችውንም ጨመረችበት። በተቀረፈ ግድግዳ ላይ ቀለም የሚያሳርፍ የለም፤ መጀመሪያ ይፋቃል። እናቷ ተረከዟን የምትፈገፍግበትን ድንጋይ አነሳችና በየምሽቱ ክርኗንና ጉልበቷን ትፈገፍግ ጀመር። ከዚያ ብናኙን አራግፋ አንደኛውን እጅ ትቀባለች፤ ከዚያ ማራገቢያ፤ ከዚያ ሁለተኛው እጅ።

እንዲህ ያጣደፋት ገንዳው ነው።

ከአንድ ስፖርት ቤት ጀርባ ባለ አዳራሽ ውስጥ የነበረው የመዋኛ ገንዳ ለብዙ ዓመት ደርቆ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆኖ ኖሯል። ቤቱን የገዙት ጡረታ የወጡ ሴት የዋና አሰልጣኝ ናቸው፤ ቁመታቸው ጎናቸው ከቆመ ሰው ትከሻ አይደርስም፣ ድምፃቸው ግን ግድግዳ ያነቃንቃል። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱን ቀቢዎች ባዶው ገንዳ ወለል ላይ አቆሙና «ስሙኝ!» አሉ። «የምትቀቡት እናንተ፣ መጀመሪያ የምትገቡበትም እናንተ። እኔ እንኳን ከእናንተ በፊት እግሬን አልነክርም!»

ሦስቱ ቀቢዎች አጎቷ፣ ጓደኛቸው መሰላልና እሷ ናቸው። አጎቷን ሠራተኛው ሁሉ ከኋላው «ጋሽ ቆይ» ይለዋል፤ ሮለር ሲያነሱ «ቆይ»፣ ባልዲ ሲከፍቱ «ቆይ»፣ ምሳ ሲቀርብ እንኳን «ቆይ፣ እጃችሁን» የሚል ሰው ነው። መሰላል መሰላል የተባለው በቁመቱ ነው፤ ጣሪያ ሲቀባ ወንበር ይበቃዋል። እሷ ደግሞ «እጅጌ» ናት። አዲስ ሰው እጅጋየሁ የሚለውን ስም ሲያቆላምጡላት ይመስለዋል። አይደለም። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ በካናቴራ ላብ በላብ ሲያደርገው፣ እሷ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ቆልፋ ስለምትሠራ ነው።

መሰላል ከእጅጌው ስር ያለው የሰው ስም እንደሆነ ምሎ ይናገራል። «ተነቅሳለች! ስሙን ባትነግሪን የመጀመሪያ ፊደሉን ብቻ ንገሪን» እያለ ይወተውታታል።

ከእጅጌው ስር ያለው ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው። ልጅ ሳለች ውሃ ውስጥ ነበር የምትኖረው፤ አጎቷ ከገንዳ የሚያስወጣት በልመና ነበር። ከዚያ ክርኗ ላይ ሳንቲም የሚያክል ሻካራ ነገር ወጣ፤ ቀጥሎ ሌላኛው ክርኗ ላይ፣ ቀጥሎ ጉልበቷና ቅልጥሟ ላይ። ላዩን ነጭ ቅርፊት አለበሰው። አንድ ቀን ገንዳ ዳር ቁጭ ባለችበት አንዲት እናት ልጇን ከውሃ መንጭቃ አወጣችና «ጭርት ይዟታል፣ እንዳትነኪያት» አለች። ጮክ ብላም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ውሃ ያየችው በባልዲ ብቻ ነው።

ያን ቀን ግን፣ ባዶው ገንዳ ውስጥ ቆማ የአሰልጣኟን ቃል ስትሰማ፣ አፏ አላስችል አለው።

«እኔም እገባለሁ!»

መሰላል ዞር አለ። «በእጅጌሽ?»

«ያለ እጅጌ!»

«ኧረ እልል በሉ! ስሙን ልናነበው ነው!»

አጎቷ አየት አደረጋት። እሱ ያውቃል። «ቆይ» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ «መጀመሪያ ግድግዳውን እንፋቅ።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ሐኪም ቤት ሄደች። ቱቦው የመጣው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታው ራሱ መድኃኒት ነበር። እየፋቀች ታዜማለች፣ ስቱኮ እያለበሰች ታዜማለች። በመሃል በመሃል ሹልክ ብላ መፀዳጃ ቤት ትገባና እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን መስታወት ውስጥ ታያለች። ስትመለስ መሰላል «ሆድሽን ነው?» ይላታል በሐዘኔታ።

ግን ክርኗ አላማረበትም። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ሸሚዙ ሲነካው ያቃጥላት ጀመር። ድንጋዩ በጫረበት መስመር ላይ ከዚህ በፊት ያልነበሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተሰለፉ። ወር ይቆያል የተባለው ቱቦም ከጭራው እየተጠቀለለ እየተጠቀለለ ሄዶ አንገቱ ብቻ ቀረ። ገንዳው ፕራይመሩን፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ነጩን፣ ለብሶ እያማረበት ነው፤ እሷ እየባሰባት ነው። ያልያዘ ቀለም ምን ይደረግለታል? ተጨማሪ ይደረብለታል። ይህን ለመጠየቅ ተመልሳ ሄደች።

«ዶክተር፣ አልይዝ አለ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ሦስተኛ እጅ ይፈልግ ይሆን?»

ሐኪሟ ከጽሑፏ ቀና አለች። «ሦስተኛ እጅ አለሽ እንዴ?»

«የለም፣ የለም! ሁለት እጅ ብቻ ነው የቀባሁት፤ እርስዎ እንዳሉት።»

«እጅሽ ላይ ምን አለና? ክርንሽንና እግርሽን ነው እኮ ያልኩሽ።»

«እሱንማ ቀባሁት። ሁለት ሁለት እጅ።»

ተያዩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እስቲ ማታ ማታ የምታደርጊውን አንድ ሳታስቀሪ አሳዪኝ።»

ልጅቷ ተነስታ አሳየች። በሌለ ድንጋይ ፈገፈገች፣ የሌለ ብናኝ አራገፈች፣ ከላይ ወደ ታች እኩል አድርጋ ቀባች። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

«አሁን ምን እያደረግሽ ነው?»

«ማራገቢያው ላይ ነኝ።»

«የምን ማራገቢያ?»

«እንዲደርቅ ነዋ! አንደኛው እጅ ሳይደርቅ ሁለተኛው ይደረባል እንዴ? ሲብስብኝ የጸጉር ማድረቂያም ሞክሬያለሁ።»

ሐኪሟ አፏን ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «ሥራሽ ምንድነው ያልሽኝ?»

«ቀለም ቀቢ ነኝ።»

«ወይ ጉዴ!» አለችና ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቋ ብዛት ዓይኗን ጠረገች። «ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺ ላይ አይደለም የምስቀው፤ አነጋገሬ ላይ ነው። ነይ ወዲህ።»

ወንበሯን ሳበችና የልጅቷን ክንድ ይዛ፣ ጓንት ያላጠለቀ መዳፏን ክርኗ ላይ አሳረፈችው። ጣቶቿን ገጥማ፣ እንዳለ።

«እጅ ያልኩሽ ይሄን ነው። መዳፍሽ ከነጣቶቹ የሚሸፍነው ቦታ አንድ እጅ ነው። ከጣትሽ ጫፍ እስከ መጀመሪያው እጥፋት ድረስ የተጨመቀ ቅባት ይሄን የሚያክል ቦታ ሁለት ያዳርሳል። ስፋቱን ነው የነገርኩሽ እንጂ ድርቡን አይደለም!»

ልጅቷ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ዓይኗ ክርኗ ላይ ሲያርፍ ተወችው። መዳፉ አልተነሳም። ይሞቃል። እናቷ ካልሆነች በቀር ያን ቦታ ሰው ነክቶት አያውቅም፤ እሷ ራሷ እንኳን የምትነካው በድንጋይ ነበር።

«ደግሞ ቆዳ ግድግዳ አይደለም» አለች ሐኪሟ። «ስትፍቂው ይቆጣል፤ በጫርሽው ሁሉ አዲስ ያወጣል። ድንጋዩን ለእናትሽ መልሺላት። አሁን የተቆጣው እስኪበርድ ቫዝሊን ብቻ፤ ከዚያ አዲሱን ቱቦ ትጀምሪያለሽ። ለብ ባለ ውሃ አርሰሽ፣ ስስ አድርገሽ፣ አንዴ ብቻ። ቅባት ደግሞ አይደርቅም የኔ እህት፤ እስኪነጋ ብትነፊበትም አይደርቅም!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ትተይዋለሽ።»

«ዝም ብዬ?»

«ዝም ብለሽ። መጀመሪያ ቅርፊቱ ይሄዳል፤ ከዚያ ያበጠው ይተኛል። መልኩ የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጥላው ሊቆይ ይችላል። ተመልሶ ከመጣም ተመልሰሽ ትመጫለሽ።»

ልጅቷ የገንዳውን ነገር አወጣችው። ውሃ የሚሞላበት ቀን ቀርቧል። «ሳይድን መግባት እችላለሁ?»

«የቆሰለው ይሻርልሽ እንጂ ውሃውን ምን አገባው? አይጋባም። ስትወጪ ታጥበሽ ቫዝሊን መቀባት ነው።»

መግባት እንደምትችል ሰማች፤ ግን እሷ የምትፈልገው ንጹሕ ቆዳ ይዛ መግባት ነበር። ያን ቀን ቤት ስትደርስ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ «ጉድ ፈላ! እኔስ ብሆን ‹ይላጣል› አላልኩም?» ብላ ሶፋው ላይ በሳቅ ወደቀች።

የከበደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መቀባቱ እፍ ሳይሉት ያልቃል። ጣት ላይ ትንሽ፣ ክርን ላይ ስስ፣ ጉልበት ላይ ስስ፤ በቃ። ከዚያ የቀረው ሰዓት በሙሉ ምንም አለማድረግ ነው። ሥራ የለመዱ እጆቿ ቁጭ ብለው ያያሉ። «ትንሽ ልጨምርበት ይሆን?» ስትል እናቷ ከሳሎን «ሰማሁሽ!» ትላለች።

አንድ ጠዋት ጥቁር ሹራቧን ለማራገፍ መስኮት ከፈተች። ሁልጊዜ ስታራግፈው ዱቄት የመሰለ ነገር ይበንናል። አራገፈችው። ምንም የለም። ገልብጣ አራገፈችው፤ ምንም! ሹራቡን እንደ ባንዲራ እያውለበለበች ኩሽና ገባች።

«እማዬ! እይ! ምንም የለም!»

«ምኑ?»

«ምንም! አልረገፈም! የሚረገፍ የለም!»

እናቷ ማንኪያ እንደያዘች አቀፈቻት። ልጅቷ ያን ቀን መሬት አልበቃት አለ። ገንዳው ውስጥ ሰማያዊውን ቀለም ስትገፋ መሰላል «ዛሬ በሞተር ነው እንዴ የምትሠሪው?» አላት። ሌላ ቀን ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ክርኗ ላይ ስታሳልፍ ጣቷ ሳይሰናከል አለፈ፤ ስቱኮ ለብሶ በብርጭቆ ወረቀት የተለሰለሰ ግድግዳ መሰላት። መስታወት ግን ሌላ ይናገራል። ቦታው ጠይሞ፣ ዳር ዳሩ ቀላ ብሎ፣ እንዳለ አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሰውን ሁሉ ግራ አጋባ። ሁልጊዜ «ደረቀ፣ እንደርብ!» እያለች አጎቷን የምታስጨንቀው እጅጌ፣ የመጨረሻው እጅ ተቀብቶ አሰልጣኟ ውሃ እንልቀቅ ሲሉ፣ ቆይ ባይ ሆነች።

«ገና ነው! እዚህ ጋ አረፋ ያለ ይመስለኛል።»

መሰላል ጎንበስ ብሎ አየ። «የታለ?»

«ወይም እዚያ ጋ። ለምን ሌላ እጅ አንደርብም? ለጥንካሬው!»

«ጋሽ ቆይን በላችው እኮ!» አለ መሰላል። «እሳቸው ቁጭ ብለው እሷ ቆይ ትላለች!»

አሰልጣኟ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አጎቷን አዩት። እሱ በርከክ አለ፤ የአውራ ጣቱን ጥፍር ቀለሙ ላይ ተጫነና አንስቶ አየው። ሌላ ቦታም ተጫነ። አልተነደለም።

«ላዩ ብቻ አይደለም፣ ውስጡም ደርቋል» አለ። «ይለቀቅ።»

ከዚያ ልጅቷን ጥግ ወስዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺስ?»

«ምን እኔስ?»

«ልጄ፣ የምታስቆዪው ገንዳውን ነው ራስሽን?»

መሬት መሬት አየች። «ጥላው አለ ጋሼ። አልሄደም።»

«ያማል?»

«አያምም። አይሻክርም። ብቻ... አለ።»

አጎቷ ክርኗን በሸሚዙ ላይ ያዝ አደረጋት። ቆይ ይላል ብላ ጠበቀች። አላለም። «እንደገና ውሃ ውስጥ ባይሽ ደስ ይለኛል» አለና ባልዲዎቹን ሊሰበስብ ሄደ።

ውሃው ሲለቀቅ ጩኸቱ አዳራሹን ሞላው። ሰማያዊው ወለል መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጥልቀት አወጣ። በሞላበት ቀን መሰላል ሱሪውን እንዳጠለቀ ለመግባት ሲሞክር አሰልጣኟ በፊሽካ አስቆሙት፤ ቀበቶውን እንኳን ሳይፈታ ጠርዙ ላይ ተንሸራትቶ ነበር። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ልጅቷ ሸሚዟን አውልቃ አንድ ጊዜ መስታወቱን አየች። ክርኖቿ ላይ ሁለት ጠይም ጥላ፣ ጉልበቷ ላይ ሁለት፣ ቅልጥሟ ላይ ብትንትን ያለ። ሸሚዙን መልሳ አነሳችው፤ ውሃው ከበሩ ማዶ ቻፕ ቻፕ ይላል። መንጠቆው ላይ ሰቀለችውና ወጣች።

መሰላል አፉን ከፈተ። ክንዷን ከላይ እስከ ታች አየ፤ ዞሮ ሌላውንም አየ።

«ስሙ የታለ?»

«የምን ስም?»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ለዚህ ነው እንዴ? እኔ እኮ የመጀመሪያ ፊደሉን ሁሉ ገምቼ ነበር!»

አሰልጣኟ የልጅቷን ቅልጥም ሲያዩ ደረታቸው ላይ የሚወዛወዘው ፊሽካቸው ቆመ። ልጅቷ አየቻቸው። እስኪጠይቋት አልጠበቀችም።

«ሶሪያሲስ ነው አሰልጣኝ። የቆዳ ሕመም ነው፤ አይጋባም። እየታከምኩ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል» አለች። ድምጿ በአዳራሹ ዞሮ ተመለሰላት፤ አላፈረችበትም።

«ዋና ትችያለሽ?» አሉ አሰልጣኟ።

«እችል ነበር።»

«እንግዲያስ ምን ያቆምሻል!»

ዘለለች። ውሃው ክርኗን፣ ጉልበቷን፣ አንገቷን እኩል ያዛት። ጆሮዋ ተደፈነ፤ በሰማያዊው ወለል ላይ የራሷን ጥላ ስታሳድድ ማዶ ደረሰች። ብቅ ስትል ጮኸች፤ ምን ብላ እንደጮኸች እሷም አታውቅም። አጎቷ ጠርዙ ላይ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። «ይቺ ልጅ ዛሬም በልመና ነው የምትወጣው» አለ፣ ዓይኑ ግን ውሃ ሳይነካው ረጥቧል። መሰላል እንደ ተቆረጠ ግንድ ወደቀና ሁሉንም አራጨ። ተራጩ፣ ተሽቀዳደሙ፤ አሸነፈችው፣ «ዓሣ ጋር ነው እንዴ ያወዳደራችሁኝ!» አለ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ አሰልጣኟ በድንገት።

ከውሃው በላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሰማያዊው ቀለም መዳፍ በሚያክል ርዝመት ተሰንጥሮ ነጩ ወጥቷል። ሁሉም መሰላልን አየው። መሰላል የተሰቀለ ሱሪውን አየ፤ የቀበቶው ብረት ያብለጨልጫል።

«ነገ እሠራዋለሁ» አለ።

«እኔ አሁን እሠራዋለሁ» አለች ልጅቷ። ወጥታ ታጠበች፤ ክርንና ጉልበቷን ቫዝሊን አስነካች። ፎጣ ወገቧ ላይ አስራ፣ ከባልዲዎቹ መሃል ትንሹን ብሩሽና የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም አመጣች። በርከክ ብላ ቦታውን በጨርቅ አደረቀችው፣ ዳሩን አለሰለሰች። ባዶ ክንዷ በመብራቱ ስር ወዲያና ወዲህ አለ። አንድ እጅ ቀባች፤ ስስ፣ እኩል።

«ሁለተኛውንስ?» አለ መሰላል ከውሃው ውስጥ አንገቱን አስግጎ። «ቶሎ በይና ነይ፣ የመልስ ጨዋታ አለን!»

ብሩሹ እጇ ላይ እንዳለ ውሃውን አየች፤ ከዚያ እርጥቡን ሰማያዊ።

«ይድረቅ፤ ሁለተኛው ነገ ነው» አለች።

ብሩሹን ውሃው እስኪጠራ ድረስ አጠበች፣ ጸጉሩን በጣቷ አስተካክላ ቀጥ አደረገችው፣ የቀለሙን ክዳን በመዳፏ መትታ ገጠመችና ብሩሹን ላዩ ላይ አጋደመችው።